የሐጅ ኾጀሊ የአውቶቡስ ሒሳብ

«ጠዋት ጠዋት» የሚባለውን ፊልም ያየ ሰው ዛሬ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም። ኦምዱርማን ውስጥ ጣራ በሌለው ሲኒማ ቤት ለጥቂት ሳምንት ታየ፤ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ከዚያ የፊልሙ ጥቅል የት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። አንዱ ካይሮ ተወስዷል ይላል፤ ሌላው መጋዘን ውስጥ ሙቀት አበላሽቶታል ይላል። የተቀረጸበት አውቶቡስም የለም። ከወድ ኑባዊ ሰፈር ተነስቶ፣ በገበያው አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ካርቱም የሚገባው ያ የጠዋት ጉዞ፣ በሰው ታጭቆ፣ ሳቁና ጭቅጭቁ ከመስኮቱ እየተረፈ፣ እሱም ቀርቷል። ጦርነቱ ተሳፋሪውን በየአገሩ በትኖታል።

ሸውጊ ከራር አሁን ምሥራቅ ሱዳን፣ ከሰላ ከተማ ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲረዝም፣ ከሚስቱ ከኢሕሳን ጋር ከተከራዩት ቤት ደጃፍ ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል። በፊልሙ ውስጥ ዋናው ሰው እሱ ነበር። ጎረቤቶቹ ይህን አያውቁም፤ ለእነሱ ጨርቅ ነጋዴ የነበረ፣ ሰላምተኛ ሽማግሌ ነው። እሱም ቢሆን ያን ዘመን ሲያስታውስ ፊቱ ላይ ድቅን የሚለው ፊልሙ አይደለም። የሚስቱ አባት፣ ሐጅ ኾጀሊ ናቸው።

ያኔ ሸውጊ ሠላሳ ያልሞላው ላጤ ነበር። ካርቱም፣ የአረብ ገበያ ውስጥ ቶብ ይሸጣል፤ ሴቶቹ ከራስ እስከ እግር የሚጠመጥሙትን ያን ቀጭን ጨርቅ። ሴቶች ከሱ መግዛት ይወዱ ነበር። «ይሄ ቀለም አይሆንሽም፣ እህቴ፣ ሌላ ላሳይሽ» የሚል ሻጭ በዚያ ገበያ ውስጥ ሌላ አልነበረም። ፊቱ ረዘም ያለ ነው፤ የዓይኑ ቆብ ከባድ ስለሆነ ነቅቶም የተኛ ይመስላል።

ሙንዚር የሚባለው ቀጭን ልጅ ወደ ሱቁ የገባው ለእናቱ ቶብ ሊገዛ ነው። ካይሮ ፊልም ተምሮ የተመለሰ ነበር። ሸውጊ ጨርቁን ዘርግቶ ሲያሳየው፣ ልጁ ጨርቁን ትቶ ፊቱን ያያል።

«አንተ፣ አውቶቡስ ትሳፈራለህ?» አለው።

«የለም፣ በግመል ነው የምመጣው። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«አትቀየመኝ። ፊትህን ነው የፈለግኩት። እንቅልፍ የወሰደህ ትመስላለህ።»

«እናቴም ስወለድ እንደዚያ ብላለች። ቶቡን ትገዛለህ ወይስ ፊቴን?»

ሙንዚር ሁለቱንም ወሰደ።

ፊልሙ እንዲህ ነበር። አንድ የቢሮ ጸሐፊ አለ፤ በየጠዋቱ አውቶቡስ ይሳፈራል፤ የሕይወቱ ዓላማ ለማንም ሰው ሒሳብ አለመክፈል ነው። በሌላ አገር ይህ ምን ያስቃል ይባል ይሆናል። በኦምዱርማን ግን ማንም አውቶቡስ ውስጥ የሚከፍለው ለራሱ ብቻ አይደለም። ጎረቤትህ ሲገባ ካየኸው ትከፍልለታለህ። የወንድምህ ጓደኛ ከሆነ ትከፍልለታለህ። አንድ ጊዜ በልቅሶ ቤት አብረኸው ዳቦ ከቆረስክም ትከፍልለታለህ። እሱ ደግሞ አይሆንም ብሎ ይታገልሃል፤ ረዳቱ መሃል ቆሞ የማንን ገንዘብ እንደሚቀበል ግራ ይገባዋል። ትግሉ ሲጠና፣ ሚስት ያለው ሰው ይምላል። «ሚስቴ ትፈታ፣ አንተ አትከፍልም!» ይህ ከተባለ ነገሩ አለቀ፤ ለአንዲት የአውቶቡስ ሒሳብ የሰው ትዳር የሚያፈርስ የለም፤ ሌላው እጁን ይሰበስባል።

ስለዚህ ጸሐፊው ይደበቃል። ጋዜጣ ይገልጣል፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ያንኮራፋል፤ የሚያውቀው ሰው ሲገባ ካየ ከመድረሻው በፊት ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ሰዎቹም ስም አወጡለት፤ «እንቅልፉ» አሉት።

ሙንዚር ለተዋናይ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። እውነተኛውን አውቶቡስ ከነሾፌሩ፣ ከነረዳቱ ከቲያ፣ ከነሰፈሩ ሰው ወሰደ። «ሁልጊዜ እንደምትቀመጡት ተቀመጡ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ፤ ለዚህ ሰውዬ ማንም እንዳይከፍል» አላቸው። እሺ አሉ። ካሜራው ተነሳ፤ ሸውጊ ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ጥሎ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ቲያ ጣቱን ቀጭ ቀጭ እያደረገ «ሒሳብ!» እያለ መጣ። ኦቾሎኒ የሚሸጡት ሐጃ በቱል ከኋላ ወንበር ጠጋ ብለው ሳንቲም ዘረጉ።

«የዚያን የተኛውን ልጅ ከኔ ውሰድ» አሉ።

«ኧረ እናቴ!» ሙንዚር ጸጉሩን ያዘ። «ፊልም ነው እኮ!»

«ፊልም ቢሆንስ? ልጁ ደክሞት ነው።»

እንደገና ጀመሩ። በዚህኛው አንድ ወታደር ከፈለ። እንደገና ጀመሩ፤ ሾፌሩ ራሱ ፊቱን ሳያዞር «ተወው ቲያ፣ አትቀስቅሰው፣ በኔ ይሁን» አለ። ሙንዚር መንገድ ዳር ወርዶ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ከብዙ ትካዜ በኋላ ተነስቶ የፊልሙን መጨረሻ ለወጠ፤ ስስታሙ ሰውዬ አስመስሎ ሲተኛ እውነተኛ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ የአውቶቡሱ ሰው ሁሉ ተሻምቶ ይከፍልለታል፤ እሱ ግን ይህን ሳያውቅ የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ይነቃል።

ፊልሙ ሲታይ ሰፈሩ በሙሉ ሲኒማ ቤት ነበር። ሰው ራሱን ግድግዳ ላይ እያየ፣ የሐብሐብ ፍሬ እየፈለፈለ፣ «ያቻት በቱል! ያውልህ ቲያ!» እየተባባለ ከፊልሙ ድምፅ በላይ ጮኸ። ሸውጊም ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ሳቀ። ምን እንዳደረገ የገባው በማግስቱ ጠዋት ነው። እግሩ የአውቶቡሱን ደረጃ ገና ሲረግጥ፣

«እንቅልፉ መጣ! ሒሳቡን ያዙለት!» አለ አንዱ።

«ጋዜጣ አቀብሉት!»

«አይ፣ ትራስ ነው የሚያስፈልገው!»

ሳቀ። ገንዘብ አወጣ፤ እጁን ገፉት። ለጎረቤቱ ሊከፍል ሞከረ፤ «አንተማ ተኛ!» ብለው አስቀመጡት። አንድ ሰሞን ያልፋል ብሎ ጠበቀ። አላለፈም። በማያውቀው መስመር እንኳ ሲሳፈር አንዱ ያወቀው ነበር፤ ረዳቱ ዘንድ ሳይደርስ ሒሳቡ ተከፍሎ ይጠብቀዋል። በፊት አንድ ተሳፋሪ ሲገባ አይቶ ለረዳቱ በዓይኑ «በኔ» ማለት፣ ሰውዬው ሲወርድ ዞሮ «አላህ ይስጥህ» ማለቱን መስማት፣ ለሸውጊ የጠዋት ሻይ ያህል ነበር። ያ ቀረበት። የሚወዱት እየመሰላቸው፣ ደግሞም እየወደዱት፣ ስሙን ወሰዱበት።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር፤ ኢሕሳን ባትኖር።

ኢሕሳን እዚያው ሰፈር የሴቶች ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች። ቶብ ልትገዛ መጥታ፣ ሸውጊ የመረጠችውን ቢጫ «አይሆንሽም» ቢላት፣ «ገዢዋ ማን ናት?» ብላ ቢጫውን ገዝታ ሄደች። በሳምንቱ መልሳ አመጣችው፤ «እውነትህን ነው፣ የታመምኩ አስመሰለኝ» አለች። ከዚያ በኋላ ሱቁ ውስጥ የምትገዛው ነገር በዛ። አጎቱን ሽማግሌ አድርጎ ሲልክ፣ እሷ ዘንድ ነገሩ ያለቀ ነበር። ያላለቀው አባቷ ዘንድ ነው።

ሐጅ ኾጀሊ ዕድሜያቸውን የአባይ መርከብ ሲመሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላም በየጠዋቱ ነጭ ጀላቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ካርቱም ወንዝ ዳር ከድሮ ባልደረቦቻቸው ጋር ሊቀመጡ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ፊልሙን አይተውታል። በዚያ ሲኒማ ቤት ውስጥ ያልሳቀ አንድ ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

«ልጁን አይቼዋለሁ» አሉት አጎቱን። «ከሰው ሒሳብ የሚሸሽ ሰው ነው።»

«ሐጂ፣ ፊልም እኮ ነው! አድርግ ብለውት ነው!»

«መተኛቱን አድርግ አሉት፤ ይሁን። ሰው ሲገባ በጋዜጣው ቀዳዳ የሰረቀውን ዓይን ማን ሰጠው? ውስጡ ባይኖር ከየት አመጣው?»

አጎቱ ሻዩን ጨርሶ ወጣ።

ኢሕሳን ሸውጊን ፌርማታ ላይ አገኘችው። ወደሱ ሳትዞር፣ መንገዱን እያየች ተናገረች።

«አባቴን በሽማግሌ አትመልሰውም። በዓይኑ ያየውን በዓይኑ ካልሻርክለት ከንቱ ነው። አውቶቡስ ላይ ጠብቀውና ክፈልለት። ሰው እያየ።»

«ኢሕሳን፣ የሚያስከፍለኝ ሰው አለ ብለሽ ነው? ለራሴ እንኳ ከከፈልኩ ስንት ጊዜዬ።»

«እንግዲያው የኔንም ጥሎሽ ሌላ ሰው ይክፈላ!» አለችና አውቶቡሷ መጣ።

በማግስቱ ሸውጊ ከሱ ፌርማታ ሳይሆን ከመነሻው ተሳፈረ። ቲያን ጥግ ይዞ፣ በጆሮው፣

«ወንድሜ፣ ሐጅ ኾጀሊ ገበያው ጋ ይገባሉ። ሒሳባቸው በኔ ነው። እንካ፣ አሁኑኑ ያዝ። ድምፅህን ሳታሰማ» አለው።

ቲያ ገንዘቡን አየ፤ ሸውጊን አየ፤ ከዚያ አውቶቡሱን የሚያናጋ ሳቅ ሳቀ። «ሰዎች! እንቅልፉ ሊከፍል ነው!»

«ወላሂ?»

«ቀን ቁጠሩ! በዓል ይሁን!»

አውቶቡሱ ገበያው ጋ ሲደርስ ሐጅ ኾጀሊ በከዘራቸው ተደግፈው ገቡ። በመተላለፊያው ላይ በታጣፊ ወንበር የተቀመጡት እንደ ልማዱ አንድ በአንድ ተነስተው፣ ወንበራቸውን አጥፈው አሳለፏቸው። ሸውጊ ዘልሎ ቦታውን ለቀቀላቸው። ሐጅ ኾጀሊ ቦታውን ተቀበሉ፤ ሰውዬውን ግን አላዩም።

«ሒሳብ!»

«የሐጂ በኔ» አለ ሸውጊ።

«የሁለታቸውም በኔ!» ሐጃ በቱል ከኋላ።

«ኧረ በኔ ነው፣ እናቴ፣ አርፈው ይቀመጡ» አለ ሌላ።

«ሐጃ በቱል፣ በአላህ!» ሸውጊ ዞረ። «ዛሬ ብቻ! ዛሬ ብቻ ተዉኝ!»

«ምነው፣ ተኝተህ አላደርክም?»

አውቶቡሱ ድልድዩ ላይ ወጥቶ ነበር። በመስኮቱ ሁለቱ አባዮች የሚገናኙበት ይታያል፤ ማንም ግን ወደ ውጭ አያይም። ሐጅ ኾጀሊ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አንድ ጊዜ መቱ።

«ሚስቴ ትፈታ» አሉ ረጋ ብለው፣ «የዚህ ልጅ ገንዘብ ለኔ አይወጣም።»

የተዘረጋው እጅ ሁሉ ተሰበሰበ። ቤት ያሉት ሚስታቸው ሐጃ ኒዕማት፣ ልጅ ሆነው ያገቧቸው፣ በዚያች ሰዓት ምናልባት ባቄላ እየለቀሙ፣ ትዳራቸው ድልድይ ላይ ለዋስትና መያዙን ሳያውቁ ተቀምጠዋል። ከዚህ በኋላ የሚባል የለም።

ሸውጊ ግን ኢሕሳን ታየችው፤ ለሌላ ተድራ፣ ሌላ የመረጠላትን ቶብ ለብሳ። ከአፉ የወጣውን ነገር እሱም የሰማው ከሰው እኩል ነው።

«ሚስቴ ትፈታ፣ እኔ ነኝ የምከፍለው!»

ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ከኋላ ያለ መኪና ጮኸ።

«የትኛዋ ሚስትህ?» አለ ቲያ።

ሐጅ ኾጀሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «አግብተሃል እንዴ?»

«አይ ሐጂ… አላገባሁም።»

«ታዲያ ማን ናት የፈታሃት?»

«ማንም… ማለቴ… ገና ናት።»

«ገና ናት። ማን ናት፣ ገናዋ?»

ሸውጊ ጫማውን አየ። «የእርስዎ ልጅ ናት፣ ሐጂ።»

«እንግዲህ ልጄን» አሉ ሐጅ ኾጀሊ፣ እያንዳንዱን ቃል እየመዘኑ፣ «ሳታገባት፣ እኔ አባቷ እያየሁህ፣ ድልድይ ላይ ፈታሃት።»

መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው። ከዚያ አውቶቡሱ ፈነዳ። ወታደሩ ግንባሩን የፊት ወንበር ላይ ደፍቶ ትከሻው ይርገፈገፋል። ሐጃ በቱል እልል ብለው፣ «ኧረ ሐጂ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳይፈታት ቶሎ ዳሩለት!» ሲሉ፣ ሐጅ ኾጀሊ ከንፈራቸውን ነክሰው ታገሉ፤ አልቻሉም። ጥምጥማቸው እስኪላላ ሳቁ። ዓይናቸውን በጫፉ እየጠረጉ፣ ለጎናቸው ሰው፣

«ስስታምስ ያለውን ነው የሚደብቀው» አሉ። «ይሄ የሌለውን ሚስት የሚያስይዝ ምን ሊባል ነው?»

ለሁለቱም እሳቸው ከፈሉ። ከመውረዳቸው በፊት ሸውጊን በከዘራቸው ነካ አድርገው፣ «አጎትህን መልሰህ ላከው። ሒሳቤን ግን አትከፍላትም፤ ከኔ ጋር ገና ብዙ ትለፋለህ» አሉት።

እንዳሉትም ለፋ።

ሰርጉ አለፈ፤ ልጆች መጡ፤ ፊልሙም ተረሳ። የመንገዱ ሰው ቀስ በቀስ «እንቅልፉ» ማለቱን ተወ፤ ሸውጊ እንደማንኛውም ሰው ይከፍላል፣ ይከፈልለታል። ለሐጅ ኾጀሊ ግን አንድም ጊዜ ከፍሎ አያውቅም። አብረው በተሳፈሩ ቁጥር ትግሉ ይነሳል፤ መስመሩ ላይ የሚመላለሰው ሰውም ነገሩን ስለሚያውቅ እጁን ሰብስቦ ያያል።

«እሺ፣ አሁንማ ሚስት አለችህ» ይሉታል ሐጅ ኾጀሊ፣ እየተደሰቱ። «እስቲ ማል።»

በምን ይምላል? ሚስቱ ልጃቸው ናት። አባቷ ፊት ቆሞ ኢሕሳን ትፈታ ሊል ነው? አፉን ከፍቶ ይዘጋል፤ አውቶቡሱ ይስቃል። እሳቸው ግን በሐጃ ኒዕማት እንደልባቸው ይምላሉ። ሸውጊ ዘዴ ያልሞከረው የለም። አንድ ጊዜ ለቲያ ከዋዜማው ከፍሎ ጠበቀ፤ ሐጅ ኾጀሊ ይህን ሲሰሙ ከአውቶቡሱ ወርደው በሌላ ሄዱ። ሌላ ጊዜ ለበዓል የገዛላቸውን ጀላቢያ ሲያቀብላቸው ሒሳቡን የጀላቢያው ኪስ ውስጥ ከተተ፤ ጀላቢያውን ወሰዱ፣ ገንዘቡን ለኢሕሳን ላኩላት፤ «ባልሽ ገንዘቡን ረስቷል» ብለው።

«እናንተ ሁለታችሁ እኔን መያዣ አድርጋችሁ እስከመቼ ነው የምትጫወቱት?» ትላለች ኢሕሳን።

«አባትሽን ጠይቂ።»

«አባቴንማ ጠየቅኩት። የሸውጊ እጅ ኪሱ ሲገባ ሳየው ወጣትነቴ ይመለሳል፣ አለኝ።»

ሸውጊ እነዚያን ዓመታት ሲያስብ፣ አሁን ከሰላ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ አብልጦ የሚናፍቀው ያንን ነው። ክረምት ጠዋት ላይ የወተት ሻይና ዘይት ውስጥ የሚጠበሰው የትኩስ ዘላቢያ ሽታ ፌርማታው ድረስ ይመጣል። ታጣፊው ወንበር እየተንቋቋ ይዘረጋል። የሚወርድ ሰው ጣቱን ቀጭ ሲያደርግ ሾፌሩ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ይሰማል፤ እንዴት እንደሚሰማ እግዜር ይወቀው። እና እሱ፣ የልጆች አባት፣ ሱቅ ያለው ሰው፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ፣ እንደ ሌባ፣ አማቱ ዞር እስኪሉ ይጠብቃል። ይህ ይናፈቃል ብሎ ማን አስቦ ያውቃል? ያኔ አንዳንድ ቀን ከልቡ ይናደድ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ከፍዬላቸው፣ ዞረው «አላህ ይስጥህ» ቢሉኝ ይል ነበር።

ሐጃ ኒዕማት ሞቱ። ከአርባቸው በኋላ አብረው ሲሳፈሩ፣ ሸውጊ ከልማድ የተነሳ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ሐጅ ኾጀሊም ከልማድ የተነሳ «ሚስ…» ብለው አቆሙ። የሚምሉባት የለችም። ሸውጊ አዝኖ ገንዘቡን ሊመልስ ሲል፣ የመርከብ መሪው እጅ መጥቶ የእጁን አንጓ ጭብጥ አደረገው። «መሐላ ባይኖረኝ እጅ የለኝም ያለህ ማን ነው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ በመሐላው ፈንታ እጃቸው ሆነ። ያን ያህል ዓመት ከወንዝ ጋር የታገለ እጅ ነው፤ ሸውጊ አንድም ቀን አስለቅቆት አያውቅም።

ከዓመታት በኋላ፣ በመጨረሻው ክረምት፣ ሐጅ ኾጀሊ ምግብ አልገባ አላቸው። ካርቱም ሐኪም ዘንድ ሊወስዳቸው ሸውጊ ታክሲ አቆመ። ደጃፍ ላይ ቆመው ታክሲውን አዩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ይመችዎታል ብዬ ነው፣ ሐጂ።»

«ውስጡ ሰው የለም። ከማን ጋር ልሄድ ነው? መልሰው።»

በአውቶቡስ ሄዱ። ቲያ ጡረታ ወጥቷል፤ ሐጃ በቱል የሉም፤ ተሳፋሪው ወጣት ነው፤ ብዙው ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አንዲት ልጅ ተነስታ ለሐጅ ኾጀሊ ቦታ ሰጠች፤ ሸውጊ ከጎናቸው ታጣፊውን ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። ትከሻቸው ትከሻውን ሲነካው ቅለቱ አስደነገጠው።

ድልድዩ ላይ ሲወጡ ሐጅ ኾጀሊ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ወንዙ ሞልቷል፤ ከላይ የመጣው ቡናማ ውሃ ነጩን እየገፋ ነው።

«ዘንድሮ ቀድሟል» አሉ።

«ቀድሟል፣ ሐጂ።»

«ሒሳብ!» አለ ረዳቱ፣ ጣቱን ቀጭ እያደረገ። የማያውቃቸው ልጅ እግር ሰው ነው።

ሸውጊ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ቀስ ብሎ ነው የሰደደው፤ እንዲያዩት። ገንዘቡን አወጣ። ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንጓውን ገልጦ ጠበቀ። ሐጅ ኾጀሊ ወንዙን ያያሉ። እጃቸው ከዘራው ላይ ነው። ሸውጊ ገንዘቡን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«አጎቴ፣ ሒሳብ፣ ሌላ ሰው አለብኝ» አለ ረዳቱ።

«የሁለታችንም» አለ ሸውጊ፤ ሰጠው።

ረዳቱ መልሱን አቀብሎ አለፈ። ማንም ቀና አላለም። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ዘዴ፣ በቃ ይህችው ነበረች።

«ከፈልክ?» አሉ ሐጅ ኾጀሊ።

«ከፈልኩ፣ አባቴ።»

«አላህ ይስጥህ፣ ልጄ።»

ሸውጊ መልሱን ጨብጦ ቁጭ አለ። ስንት ዘመን የጠበቀው ቃል ነው፤ ሲሰማው ግን ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ የሚነግረውን ነገር አሁኑኑ የሰማ መሰለው።

«ምነው፣ ይማሉ እንጂ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ገና እኮ የመመለሻ ሒሳብ አለብን።»

«በማን ልማል?» አሉ ሐጅ ኾጀሊ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳይነቅሉ።